39 ባዶ ቦታ

ሇ የምትባለዋን ሆሄ አብዛኛው የአማርኛ አንባቢ አያውቃትም። «ሀ ሁ ሂ ሃ ሄ ህ ሆ» ብሎ የቆጠረ ሁሉ ሆ ላይ ያበቃል። እሷ ግን ከሆ ቀጥላ፣ ስምንተኛ ሆና፣ በየስልካችን ውስጥ አለች። አማርኛ አይጠቀምባትም፤ የገባችው ሌላ ቋንቋ ፈልጓት ነው፣ ያውም ዘግይታ። ፊደላችን በ1999 ዩኒኮድ በሚባለው ዓለም አቀፍ የኮምፒውተር መዝገብ ላይ ሲሰፍር ቦታዋ ባዶ ነበር። የተሞላው በ2005 ነው። (ዓመተ ምሕረቱን ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የጻፍኩት መዝገቡ ራሱ በዚያ ስለሚሄድ ነው።)

እኔ ተፍኪ ላይ፣ ጅማ መንገድ ዳር፣ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት አለኝ። ማመልከቻ፣ የኪራይ ውል፣ የዕድር ደንብ፣ የሠርግ ጥሪ እጽፋለሁ፤ ግማሹን በአማርኛ፣ ግማሹን በኦሮምኛ። የፊደል ታሪክ ለእኔ የእንጀራ ጉዳይ ነው። ብዙ ሰው ተረባርቦ የሚሠራው፣ ዛሬ «ኦፕን ሶርስ» የሚሉት ዓይነት ሥራ የሚቀናው በእቅድ ነው ወይስ በሩን ለመጣው ሁሉ በመክፈት ነው የሚል ክርክር ስሰማ የሚታወሰኝ ያ ባዶ ቦታ ነው። ማን ተወው? ለማን ብሎ?

ሙያውን የተማርኩት በታይፕራይተር ነው። አማርኛን ለታይፕራይተር ያበቁት ኢንጂነር አያና ብሩ የገጠማቸው ችግር ቀላል አልነበረም። 33 ሆሄ በ7 ሲባዛ 231 ነው፣ ዲቃላዎቹን፣ አኃዞቹንና ነጥቦቹን ሳንጨምር። ይህን ሁሉ 50 በማይሞላ ቁልፍ ላይ ማሳረፍ ነበረባቸው። መፍትሔው ሆሄውን መገጣጠም ሆነ። መሠረቱን ትመታለህ፣ ከዚያ ጭራውን ወይም ቀለበቱን ታስከትላለህ። በታይፕ የተጻፈ አሮጌ ደብዳቤ ያየ ሰው የካዕቡ ጭራ ከሆሄው ትንሽ ራቅ ብሎ እንደሚንሳፈፍ ያስታውሳል። ከጉዳዩ ጋር ተያይዞ ፊደሉ ራሱ ይቀነስ የሚሉ ምሁራን ተነሱ፤ ሀ፣ ሐ እና ኀ ድምፃቸው አንድ ከሆነ ሦስት መሆናቸው ለምን? ክርክሩ አሥርት ዓመታት ፈጅቶ ያለ ውሳኔ ቀረ። እኔ ባለመወሰኑ ደስ ይለኛል፣ ምክንያቱን ወደ ኋላ እመጣበታለሁ።

ኮምፒውተር ሲመጣ ነገሩ ተገለበጠ። አሁን ማንም ፕሮግራም የሚያውቅ ሰው የራሱን ፊደል መሥራት ቻለ፣ ብዙዎችም ሠሩ። አሜሪካ ውስጥ ፍስሃ አጥላው ዳሽን በሚባለው ድርጅታቸው የአማርኛ መጻፊያ ካቀረቡት ቀደምቶች አንዱ ናቸው። አገር ውስጥም ውጭም ብራና፣ አጋፋሪ፣ ቪዥዋል ግዕዝ፣ ፓወር ግዕዝ የሚባሉ ስሞች ተከታተሉ። እያንዳንዳቸው የብልህ ሰው ሥራ ነበሩ። ግን ኮምፒውተር የሚያውቀው ቁጥር ነው። በዚያን ጊዜ የነበረው ሠንጠረዥ ከ256 የማይበልጥ ቦታ ነበረው፣ ከዚያም ግማሹን ላቲን ይዞታል። ስለዚህ ሁሉም ሠሪ ሆሄዎቹን በፈረንጅ ምልክቶች ቦታ ላይ እንደመሰለው ደለደለ። በሰፊው በተሰራጨ አንድ ድልድል «የ» የተቀመጠችው የሦስት አራተኛ ምልክት ቦታ ላይ ነበር። ፎንቱ ከሌለህ «የኢትዮጵያ» በክፍልፋይ ይጀምራል።

የአካባቢያችን የበቾ ሽማግሌዎች አንድ ጊዜ የዕድራቸውን ደንብ በፍላሽ ይዘውልኝ መጡ። አንዲት አንቀጽ ብቻ እንዳሻሽልላቸው ነበር የፈለጉት። ሌላ ከተማ፣ ሌላ ቤት የተጻፈ ነው። ስከፍተው ክፍልፋይ፣ የእኩልነት ምልክት፣ የማላውቀው የገንዘብ ምልክት ተደርድሮ ወጣ። ሰብሳቢው መነጽራቸውን አስተካክለው አዩትና «ይሄ የገንዘብ ያዡ ደብተር ነው እንዴ?» አሉ። ከታተመው ወረቀት ላይ እያየሁ ከስማቸው ጀምሬ እስከ ማኅተሙ ቦታ እንደገና ጻፍኩት። እንዲህ ያለ ሥራ ለእኔ ገቢ ነበር፣ አልዋሽም። ለአገሩ ግን በጋዜጣ፣ በፍርድ ቤት፣ በቤተ መጻሕፍት የተጠራቀመ ጽሑፍ እርስ በርሱ አይነበብም ማለት ነው።

ያኔ እቅድ የጎደለው ሰው አልነበረም፤ እንዲያውም ሁሉም በየቤቱ ጥንቅቅ ያለ እቅድ ነበረው። ተቀምጦ የተስማማ ግን አልነበረም። ተስማሙ ቢባሉስ፣ ፎንቱን ሸጦ የሚያድር ሰው ድልድሉን ትቶ የተፎካካሪውን ይቀበል?

ከገበያው ውጭ በሌላ መንገድ የሄዱ ሰዎች ነበሩ። በ1990ዎቹ መጀመሪያ በኢሜይል የሚያልፈው ተራው የላቲን ፊደል ብቻ ነበር። ይትና ፍርድይወቅና ዳንኤል ያዕቆብ እያንዳንዱን የግዕዝ ሆሄ በላቲን ፊደላት የሚወክል ሥርዓት አወጡና ሰራ ብለው ሰየሙት። ትልቁና ትንሹ የላቲን ፊደል በሰራ ይለያያል፤ አንዱ ህን ሲያወጣ ሌላው ሕን ያወጣል። መተዳደሪያውን በይፋ አውጥተው ማንም እንዲጠቀምበት ለቀቁት። ከተጠቀሙበት አንዱ ጃፓናዊው ታካሃሺ ናኦቶ ነበር። ኢማክስ በሚባለው ነፃ የጽሑፍ ፕሮግራም ውስጥ የግዕዝ ፊደልን አስገባ፣ መጻፊያውንም በሰራ ላይ መሠረተ። ኢማክስ 20 በ1997 ሲወጣ ፊደላችን ውስጡ ነበር። አዲስ አበባ ላይ ሰው ፎንት ፍለጋ ከሱቅ ሱቅ ሲዞር፣ ቶኪዮ አጠገብ አንድ ተመራማሪ ሀ ሁ ይደረድር ነበር። አባስ አላምነህም ሰናምርምር ብለው በጀመሩት ሥራ ፎንቶችን በነፃ ፈቃድ አሰራጩ። አንደኛው ፎንት በታላቁ ቁም ጸሐፊ በይገዙ ብስራት ስም ተጠርቷል። ለሠርግ ጥሪ እስከ ዛሬ እመርጠዋለሁ።

ሰራን የሚያህል ነገር እንዴት በሁለት ሰው ተጀምሮ ጃፓን ደረሰ? ሕጉ አጭርና ግልጽ ስለነበረ ይመስለኛል። ታካሃሺ ፈቃድ መጠየቅም፣ ስብሰባ መጥራትም አላስፈለገውም። ሠንጠረዡን አነበበ፣ ሠራ።

የበቾን ሜዳ የሚያውቅ ሰው ይህን ከደቦ ጋር ማመሳሰሉ አይቀርም። መሬታችን ኮቲቻ ነው፤ ክረምት ውሃ ያቁራል፣ በጋ ይሰነጠቃል። ጤፍ ደርሶ ሳይረግፍ መታጨድ ሲኖርበት ባለቤቱ ቀኑን ይቆርጣል፣ ጠላውን ያስጠምቃል፣ የቱ ማሳ እንደሚቀድም ይወስናል። ማጭድ ይዞ የመጣን ግን ማንም ማን ነህ አይለውም። እቅዱ የባለቤቱ፣ በሩ የሁሉ። እስከዚህ ያስኬዳል። ልዩነቱ ደቦ ማታ ያልቃል፤ አንዱ ጎንበስ ብሎ ሌላው ቀና ብሎ ቢያጭድም ነዶው ያው ነዶ ነው። ፊደል ላይ ግን ዛሬ ሰው ባኖረው የልጅ ልጁ ይጽፍበታል። ስለዚህ የደቦውን ባለቤት የማያስጨንቀው ጥያቄ እዚህ ያስጨንቃል፤ የተቀመጠውን ማን ሊያነሳው ይችላል?

ዩኒኮድ ለዚህ የሰጠው መልስ ከባድ ነው፤ ማንም። አንድ ሆሄ ቁጥርና ስም ከተሰጠው አይነሳም፣ አይዛወርም፣ ስሙም አይታረምም። ይህን የተማሩት በኮሪያ ፊደል ነው። በ1996 የኮሪያን ክፍለ ቃላት ሰብስበው ወደ አዲስ ቦታ አዛወሩ፤ ያሁኖቹ 11,172 ናቸው። በአሮጌው ድልድል የተጻፈው ሁሉ በአዲሱ ትርጉም አጣ፤ የእኛን የዕድር ደንብ ያገኘው ዓይነት ነገር። ከዚያ በኋላ እንዲህ ያለ ነገር እንዳይደገም ደንብ አወጡ። ሐሳብ የማቅረቡ በር ግን ክፍት ነው። ማንም ሰው ይህ ሆሄ ይግባልን ብሎ ማስረጃ አያይዞ ማመልከት ይችላል፤ የሚወስነው ኮሚቴ ነው።

ፊደላችን በመስከረም 1999 በሦስተኛው የዩኒኮድ እትም ሲገባ የተሰጠው 384 ቦታ ነበር። የተሞላው 345። ቀሪው 39 ባዶ ነው።

ሠንጠረዡን ላየው ያ ባዶ ቦታ እንዲሁ የተረፈ አይደለም። እያንዳንዱ ሆሄ ስምንት ስምንት ቦታ ተሰጥቶታል። ሰባቱ ከግዕዝ እስከ ሳብዕ፣ ስምንተኛው እንደ ሏ፣ ሟ፣ ሯ ላሉት ዲቃላዎች። ስምንተኛ የሌለው ቤት ግን አልተጠቀጠቀም፣ ክፍት ተተወለት። ለቈ፣ ኈ፣ ኰ እና ጐ ራሱን የቻለ መስመር ተሰጥቷቸው፣ ካዕብና ሳብዕ ስለሌላቸው ክፍተቱ ዛሬም እንዳለ ነው። ጠፍጣፋ ዝርዝር አድርጎ ማሸግ ይቻል ነበር፣ ቦታም ይቆጥባል። ያቀዱት ሰዎች ግን ፊደሉ ገና አላለቀም ብለው አሰቡ። ትክክል ነበሩ።

ሀ፣ ሐ እና ኀ ሦስቱም ገቡ። ሰ እና ሠ፣ አ እና ዐ፣ ጸ እና ፀ፣ ሁሉም። ፊደል ይቀነስ የተባለው ክርክር በአማርኛ ብቻ ሲታይ የሚያሳምን ነገር ነበረው፤ ትግርኛ ግን ሐን ከሀ፣ ዐን ከአ በድምፅ ይለያል፣ ግዕዙም አለ። አንዱ ቋንቋ ለራሱ ሲል ቀንሶት ቢሆን ኖሮ ሌላው ሲደርስ ቤቱ ተሽጦ ይጠብቀው ነበር። ባለመወሰኑ ደስ ይለኛል ያልኩት ለዚህ ነው።

ዸም እዚያ ውስጥ አለች፣ ከእነ ሰባት ልጆቿ። እኔን እንደ ኦሮምኛ ተናጋሪ ይቺ ሆሄ ልዩ ስሜት ትሰጠኛለች። ኦነሲሞስ ነሲብ በ1899 ያሳተመው የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስ በግዕዝ ፊደል ነው፣ አማርኛ የሌለውን ያን ድምፅ የምትይዘውም ዸ ናት። በ1979 የጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻም ኦሮምኛን ጨምሮ ቋንቋዎቹን ሁሉ በግዕዝ ፊደል ነበር ያስተማረው። ከዚያ በ1991 ኦሮምኛ ወደ ቁቤ ዞረ። ስለዚህ ዸ ዩኒኮድ ውስጥ ስትገባ ጸሐፊዎቿ ከሄዱ ስምንት ዓመት ሆኗቸዋል። በቤቴ ሕይወት ዸን ጻፍልኝ ያለኝ ሰው የለም። ቢሆንም የኦነሲሞስን መጽሐፍ በኮምፒውተር ማኖር የሚፈልግ ሰው ቦታዋን ዝግጁ ሆኖ ያገኘዋል። መዝገብ እንዲህ ነው መሆን ያለበት።

በዚያው በ1999 የተገላቢጦሹ ታየ። አለም ገና ላይ የሚገነጠለው መንገድ በቡታጅራና በሆሳዕና አድርጎ ወላይታ ሶዶ ይገባል። እዚያ ወላይትኛን፣ ጋሞኛን፣ ጎፍኛንና ዳውሮኛን አንድ ላይ አዋህዶ «ወጋጎዳ» የሚባል የትምህርት ቋንቋ ከላይ ተዘጋጅቶ መጽሐፉም ታትሞ ወረደ። እቅድ ነበረው፣ በጀት ነበረው፣ ባለሙያም ነበረው። ተናጋሪው ግን በቅጡ አልተጠየቀም። ሶዶ ላይ ሕዝብ ተነሳ፣ ደም ፈሰሰ፣ መጽሐፉም ተተወ። አራቱ ቋንቋዎች በየራሳቸው ቀጠሉ።

ፊደሉ ግን ያለ ግርግር ማደጉን ቀጠለ። በ2005 ከባዶዎቹ 39 ውስጥ 11ዱ ተሞሉ፣ ሇ ከእነሱ አንዷ ናት። በዚያው ዓመት ሁለት ተጨማሪ ክፍሎች ተከፈቱ። አንደኛው 26 ምልክት ሲይዝ 16ቱ ለሰባት ቤት ጉራጌ፣ 10ሩ ደግሞ ይዘት፣ ደረት፣ ርክርክ፣ ድፋት፣ ቅናት፣ ጭረት፣ ሂደት እያልን የምናውቃቸው የዜማ ምልክቶች ናቸው። የቤተ ክህነት ሰዎችና የቸሃ ጉራጌኛ ተናጋሪዎች አንድ ሠንጠረዥ መጋራታቸውን ሳይ ሁልጊዜ ፈገግ እላለሁ። ሁለተኛው ክፍል 79 ሆሄ ይዟል። በ2010 ለጋሞ፣ ለጎፋ፣ ለዳውሮ፣ ለባስኬቶና ለጉሙዝ 32 ተጨመረ፣ በዋናው ሠንጠረዥም ሁለት ባዶ ቦታ ተሞላ። በ2021 ደግሞ ለጉራጌ 28። ሁሉም ሲደመር ዛሬ 523 ነው፣ በዋናው ሠንጠረዥም ገና 26 ባዶ ቦታ አለ።

ይህን ሁሉ ዓመት ማመልከቻ ሲጽፉ ከቆዩት ዋነኞቹ ዳንኤል ያዕቆብና የግዕዝ ፍሮንቲየር ፋውንዴሽን ናቸው። ክፍት በር ማለት ማመልከቻ የሚጽፍ ሰው ካለ ነው። በሩ ማንንም አያግድም፤ ማንንም ግን ቤቱ ድረስ ሄዶ አይጠራም። ማስረጃ ይጠይቃል፤ የታተመ መጽሐፍ፣ የሆሄው ናሙና፣ ማብራሪያ፣ ያውም በእንግሊዝኛ። የባስኬቶ ገበሬ ይህን ከየት ያመጣል?

ሌሎች ቦታዎች በሩ ከዚህም ሰፋ ብሎ ተከፍቷል። አማርኛ ውክፔዲያ ላይ ማንም ገብቶ ይጽፋል። ከ15 ሺህ በላይ መጣጥፍ አለው፤ ብዙው አንድ ወይም ሁለት መስመር ነው። አንድ ሰው ርዕስ ከፍቶ ሌላው እንዲሞላው ትቶት ሄዷል፣ ሌላው ግን አልመጣም። እኔ ስለ አገሬ ለልጆቼ የማነብላቸው ነገር ፈልጌ ገብቼ ባዶ እጄን ወጥቻለሁ። ለቁጥሩ የተጨነቀውን ያህል አንድ ወረዳ ቢጻፍ ምን ምን ይካተት የሚል ልማድ ቢያበጅ ይሻለው ነበር ባይ ነኝ።

የወራቱን ስም የሚይዘው መዝገብ ደግሞ መሐል ላይ ነው። ዩኒኮድ ከፊደሉ ሌላ የየአገሩን የቀን፣ የወርና የገንዘብ አጻጻፍ ያሰባስባል፣ ስልኮቻችንም ከዚያ ይወስዳሉ። እዚህ ሐሳብ ያለው ይሰጣል፣ ድምፅም ይሰጣል፤ የሁሉ ድምፅ ግን እኩል አይመዝንም። ለዓመታት ስልኮች «ጃንዩወሪ»፣ «ፌብሩወሪ» ይሉ ነበር። ደንበኞቼ ስልካቸውን አሳይተው «ይሄ የማን አማርኛ ነው?» ይሉኛል። በኋላ «ጃንዋሪ» ሆነ። ስም ነውና ተስተካከለ፣ ማንም አልተጎዳም። ሆሄ ቢሆን ኖሮ እንዲህ አይነካም። ክፍት ሥራ የሚመሩ ሰዎች ብዙ ጊዜ የሚሳሳቱት እዚህ ይመስለኛል። የማይነካውን ከሚነካው ሳይለዩ ወይ ሁሉንም ያጥራሉ፣ ወይ ሁሉንም ይለቃሉ።

አንድ ቅሬታ ግን አለኝ። ተፍኪ በጅማ መንገድ ላይ ናት፣ ወልቂጤ የሚያልፈው ሁሉ በደጃችን ነው። መስከረም ሲጠባ ለመስቀል አገሩ የሚገባው የሰባት ቤት ጉራጌ መኪና ተሰልፎ ያልፋል። በአገር ውስጥ ንግድ የማይገኝበት ከተማ የሌለ ሕዝብ ነው። ሣህለ ሥላሴ ብርሃነ ማርያም በቸሃ የጻፈው ልብ ወለድ በእንግሊዝኛ ተተርጉሞ የወጣው በ1964 ነው። ይህ ሕዝብ ለሆሄዎቹ ግን ከ1999 እስከ 2005፣ ለቀሩት ደግሞ እስከ 2021 ጠበቀ። 39ኙ ባዶ ቦታ ሲተው ሠንጠረዡ በስምንት በስምንት ተከፋፍሎ ነበር፤ ለጉራጌኛ ድምፆች ስምንቱ አልበቃም፣ ስለዚህ ሆሄዎቹ ሌላ ሠንጠረዥ ላይ፣ ከዘመዶቻቸው ርቀው ተቀመጡ። ባዶ ቦታ የሚተወውም በቦታው የተገኘ ሰው በሚያውቀው ልክ ነው። ከወልቂጤ አንድ አስተማሪ ያኔ ጠረጴዛው ላይ ቢኖር ኖሮ መስመሩ ሰፋ ተደርጎ ይሰመር ነበር እላለሁ። ዛሬ ማንም ሊያሰፋው አይችልም።

ባለፈው ከወልቂጤ በኩል የመጡ ቤተሰቦች የሠርግ ጥሪ በጉራጌኛ አዘዙኝ። በአዲሱ ሆሄ ይሁን አሉ፤ ልጃቸው ሥርዓቱን ተምሮታል፣ እጄን ይዞ መራኝ። ፎንቱን በነፃ አውርጄ ጫንኩ፣ ኪቦርዱንም እንዲሁ፤ ኮምፒውተሬ ላይ አንድም ሆሄ ሳይጎድል ወጣ፣ ወረቀቱም አማረ። ጽሑፉን ለዘመዶቻቸው በስልክ ስልክላቸው ግን ከየቃሉ መሐል ባዶ ሳጥን ታየ፤ የስልኮቹ ፎንት አዲሶቹን ሆሄዎች ገና አያውቃቸውም። ስለዚህ ጥሪውን ፎቶ አንስቼ ፎቶውን ላክሁ። ልጁ ለስልኩ ሠሪ ማመልከት ይቻል እንደሆነ ጠየቀኝና ደብዳቤውን አብረን መጻፍ ጀምረናል።